ኦና ሕንፃ እንዴት የአስፈሪ ጌም መቼት ይሆናል?

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ ሴንትሬሊያ የምትባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ነበረች። በ1962 ከከተማዋ ሥር ባለው የከሰል ክምችት ላይ እሳት ተነሣ፤ እሳቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሬቱ እየሞቀ፣ ከስንጥቁ ጭስና መርዘኛ ጋዝ እየወጣ ኑሮው ሲከፋ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1984 ነዋሪዎቹን ለማዛወር 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ዛሬ የቀሯት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ስለ አስፈሪ ጌሞች ወሬ በተነሣ ቁጥር «ሳይለንት ሂል የተባለው ጌም የተሠራው ሴንትሬሊያን አይተው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

አባባሉ ስለ ጌሙ ትክክል አይደለም። ሴንትሬሊያን መነሻ ያደረገው በጌሙ ስም በ2006 የወጣው ፊልም ሲሆን፣ ጌሙ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ በ1999 በጃፓኑ ኮናሚ ወጥቷል። በጌሙ ከተማ ላይ የሚተኛው ጭጋግም ከሚነድ ማዕድን የመጣ አይደለም። የያኔው ፕሌይስቴሽን ሩቅ ያሉትን ቤቶችና መንገዶች ሁሉ በአንዴ ሥሎ የማሳየት አቅም ስላልነበረው፣ ሠሪዎቹ የመሣሪያውን ድካም በጭጋግና በጨለማ ሸፈኑት፤ ጭጋጉም የጌሙ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ያለው ስሕተት የሚደጋገመው ብዙ ሰው ሥራውን አጭር አድርጎ ስለሚያስበው ነው፤ ባለሙያው የሚያስፈራ ቦታ ያገኛል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ጌሙ ውስጥ ያስገባዋል። ፎቶ ማንሣቱ እውነት ነው። ከፎቶው በኋላ ያለው ድካም ግን አንድ መርማሪ ወንጀል የተፈጸመበትን ክፍል ሲመለከት ከሚደክመው ጋር ይመሳሰላል፦ እዚህ ማን ነበረ? ምን ሲያደርግ ነበር? ለምን ጥሎ ሄደ? እሱ ከሄደ በኋላስ ምን ገባ?

«ኦና» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉትን ቃላት አማርኛ አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ባዶ ቤት ገና ሰው ያልገባበት ሊሆን ይችላል፤ ለኪራይ የተዘጋጀ ቤት ባዶ ነው፣ ማንንም ግን አያስፈራም። ፍርስራሽ ደግሞ ቅርጹን ያጣ፣ ድንጋይና እንጨቱ የተበተነ ነው። ኦና በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ሰው ኖሮበት የነበረ፣ በሩና መስኮቱ ገና የሚለይ፣ ሁሉ ነገር እያለው ሰው ብቻ የጎደለው ቤት ነው። የአስፈሪ ጌም ሠሪዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ይህንን ሦስተኛውን ነው። ፈጽሞ የፈረሰ ሕንፃ ስለ ነዋሪው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ያልተኖረበት ደግሞ ገና የሚናገረው የለውም።

ሌሎች ሁለት ቃላትም በዚህ ጽሑፍ ይደጋገማሉ። አንደኛው መቼት ነው፤ «መቼ» እና «የት» ተጣምረው የወለዱት የሥነ ጽሑፍ ቃል ሲሆን ታሪክ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ያመለክታል። ለጌም ከልብ ወለድ ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ኦና ሕንፃ ላይ ጊዜው ራሱ በቦታው ላይ ተጽፎ ይታያል። ሁለተኛው ድባብ ነው፤ አንድ ቦታ ገና ምንም ሳይፈጸምበት በሰው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ማለት ነው።

ሰው የሌለበት ቦታ ለምን ያስፈራል?

ፍርሃቱ ከአቧራውና ከሸረሪት ድሩ የሚመጣ ቢመስልም ዋናው ምንጩ ሌላ ነው። ወደ አንድ ክፍል ስንገባ አእምሯችን ሳናዝዘው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ቦታ የማን ነው? ባለቤቱስ የት ነው? የሰው ዕቃ እያለ ሰው ከሌለ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይጠፋል፤ አእምሮም መልስ ያጣበትን ነገር ክፍት አይተወውም፣ በራሱ ግምት ይሞላዋል። ኦና ቤት ጋኔን ይሰፍርበታል የሚለው የቆየ እምነት ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1919 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ይህን ዓይነቱን ሽብር የሚቀሰቅሰው ቀድሞ የምናውቀውና የለመድነው ነገር ባልጠበቅነው መልክ ሲመለስብን ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ማንም ያልኖረበት ዋሻ ከሚያስፈራን ይልቅ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ የቀረ የመማሪያ ክፍል የሚሰቀጥጠንም ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ እንደ ፕሪፕያት የታወቀ ቦታ የለም። ሶቪየት ኅብረት በ1970 ለቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኞች የቆረቆራት፣ ዛሬ በዩክሬን ግዛት ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ 49 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። የማመንጫው የፍንዳታ አደጋ የደረሰው ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት ሲሆን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነዋሪዎቹ ለጥቂት ቀን ነው ተብለው፣ ሰነድና ስንቅ ብቻ ይዘው በአውቶቡስ ወጡ። ለሜይ 1 በዓል ሊመረቅ የነበረው መዝናኛ ቦታ፣ ቢጫ መቀመጫዎች ከተንጠለጠሉበት ግዙፍ መንኮራኩር ጋር፣ ሳይመረቅ ቀረ። ጂ.ኤስ.ሲ ጌም ወርልድ የተባለው የኪየቭ ድርጅት ስቶከር የተሰኘውን ጌም ሲሠራ ባለሙያዎቹ በማመንጫው ዙሪያ ወዳለው የተከለከለ ቀጠና ገብተው ፎቶ አነሡ፤ ጌሙም በ2007 ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው የተኩስ ጌም አራተኛ ክፍልም ተጫዋቹን በፕሪፕያት ሕንፃዎች መካከል አሳልፎታል። መንኮራኩሩ በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ምንም ጭራቅ ሳይቀመጥበት ያስፈራል፤ የበዓል ዕቃ ነው፣ በዓሉ ግን አልመጣም።

ጌም ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ቃል መተረክ አድርገው ያዩታል። አንድ ግድግዳ በሐሳባችን ቀረብ ብለን እንመልከት። የመኝታ ክፍል ግድግዳ ነው። ላይኛው አረንጓዴ ቀለም እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ክሬም ቀለም ይታያል። ቤቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፣ ስለዚህ የሚያስብለት ሰው ነበረው። መሐል ላይ ከዙሪያው የደመቀ አራት ማዕዘን አለ፤ ሥዕል ወይም የቀን መቁጠሪያ ለዓመታት ተሰቅሎበት ፀሐይ ያላገኘው ቦታ ነው። ምስማሩ አለ፣ የተሰቀለው የለም። ከምስማሩ ዝቅ ብሎ፣ በልጅ ቁመት ልክ፣ በእርሳስ የተሠመሩ አጫጭር አግድም መስመሮች አሉ፤ ከታች ወደ ላይ እየጨመሩ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ያቆማሉ። ተጫዋቹ ይህንን ሲያይ ማንም አንድ ቃል ሳይነግረው ታሪኩን ራሱ ይቀጥላል፤ ራሱ የቀጠለው ታሪክ ደግሞ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጥ ያስፈራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በፕሪፕያት ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በፎቶ የሚታዩት በአልጋ ላይ የተቀመጡ አሻንጉሊቶችና የጋዝ መከላከያ ጭምብሎች ብዙዎቹ ከ1986 ጀምሮ ባሉበት የቆዩ አይደሉም። ዘራፊዎች ያተረፉትን ዕቃ ጎብኚዎችና ፎቶ አንሺዎች ለምስል እንዲያምር አስተካክለው አስቀምጠውታል። ስለዚህ አንድ ጌም ሠሪ ከፎቶ ላይ የሚወስደው «እውነተኛ» ትዕይንት አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል።

ለምን ሁልጊዜ የአእምሮ ሆስፒታል?

አስፈሪ ጌም የሚጫወት ሰው አሮጌ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሳያጋጥመው አይቀርም። በ2013 የወጣው አውትላስት ሙሉ በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ተቋም ውስጥ ነው የሚካሄደው። የዚህ አንዱ ምክንያት ከፍርሃት ጋር የማይገናኝ ተራ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቶማስ ኪርክብራይድ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ሕንፃው ራሱ ሕሙማንን ይፈውሳል ብሎ ያምን ነበር። መሐል ላይ የአስተዳደር ሕንፃ፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ አንዱ ከአንዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ እያለ እንደ ተዘረጋ ክንፍ የሚሄድ ረጅም ሕንፃ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ፈቀቅ ማለቱ እያንዳንዱ ክንፍ የራሱን ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኝ ነበር። በማሳቹሴትስ በ1878 የተከፈተውን የዳንቨርስ ሆስፒታል ጨምሮ በአሜሪካ ብዙ ተቋማት በዚህ ንድፍ ተሠሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሕክምናው ከግዙፍ ተቋም ወደ ኅብረተሰቡ ሲዞር ግን እነዚህ ግዙፍ ሕንፃዎች በየተራ ተዘጉ፤ ለማደስ ውድ፣ ለማፍረስም ውድ ስለሆኑ ለዓመታት ኦና ቆሙ። ዳንቨርስ በ1992 ተዘግቶ አብዛኛው ክፍሉ የፈረሰው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

የሚገርመው ለፈውስ የታሰበው ነገር ሁሉ ኦና ሲሆን ለፍርሃት መመቸቱ ነው። ፀሐይ ለማስገባት የተደረደሩት መስኮቶች በረጅሙ ኮሪደር ላይ አንድ ብርሃን አንድ ጨለማ፣ አንድ ብርሃን አንድ ጨለማ እያሉ ይቆራርጡታል። ፈቀቅ እያሉ የተሠሩት ክንፎች ኮሪደሩን በየመገናኛው ስለሚያጥፉት የሚመጣውን ነገር አሻግሮ ማየት አይቻልም። አንድ የጌም ባለሙያ ተጫዋቹን ለማስጨነቅ ከባዶ ቢነድፍ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ነገር ማምጣቱ ያጠራጥራል።

ከእነዚህ ሁሉ ጌሞች አንዱ ለየት ይላል። በጣልያን ቶስካና ግዛት በቮልቴራ ከተማ የነበረው ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል የተዘጋው ሜይ 13 ቀን 1978 የወጣው ቁጥር 180 ሕግ መንግሥታዊ የአእምሮ ሆስፒታሎች ቀስ በቀስ እንዲዘጉ ካዘዘ በኋላ ነው። ኤል.ኬ.ኤ የተባለ የፍሎረንስ ቡድን በ2016 ዘ ታውን ኦፍ ላይት የተሰኘ ጌም ሲያወጣ ይህንኑ ሆስፒታል መልሶ ገነባው። ጌሙ ውስጥ አሳዳጅ ጭራቅ የለም፤ ተጫዋቹ ሬኔ የተባለች ልብ ወለዳዊት የቀድሞ ታካሚን ትዝታ እየተከተለ በኦናው ሕንፃ ውስጥ ይዘዋወራል፤ የሚያስፈራው በዚያ ዘመን በሰው ላይ ይደረግ የነበረው ነገር ነው።

በእውነተኛው ሆስፒታል አጥር ውስጥ ደግሞ ማንም ጌም ሠሪ ሊፈጥረው የማይችለው ግድግዳ ነበረ። ኦሬስቴ ፈርናንዶ ናኔቲ የተባለ ታካሚ ለዓመታት በሰደርያው ዘለበት ጫፍ የግቢውን ልስን እየጫረ ወደ 180 ሜትር የሚጠጋ ጽሑፍና ሥዕል ትቶ ሄደ። በግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሳይንቀሳቀሱ የሚቀመጡ ሌሎች ታካሚዎች ነበሩ፤ እንደሚነገረው ናኔቲ እንዲነሡ አልጠየቃቸውም፣ በጭንቅላታቸው ዙሪያ ዞሮ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ በየመሐሉ የሰው ራስ የሚያህል ባዶ ቦታ አለው።

ሕንፃ ሰው ሲያጣ በምን ቅደም ተከተል ያረጃል?

ጀማሪ ጌም ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዝገትን፣ ሻጋታንና ስንጥቅን እንደ በርበሬ በየቦታው ይነሰንሱታል። ተጫዋቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ውሸት መሆኑ ይሰማዋል፣ ምክንያቱም እርጅና ሕግ አለው።

መጀመሪያ የሚገባው ውኃ ነው። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፣ ውኃው በጣሪያው ጠርዝ ይመለሳል፣ ኮርኒሱን ያረጥባል፣ ኮርኒሱ ሆዱ ይነፋና ይወድቃል፣ ከዚያ ውኃው ወደ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ከሥረኛው ይበልጥ ይጎዳል፤ ሻጋታው ከሚያፈስሰው ማዕዘን ይጀምራል፣ ወደ መሐል እየሳሳ ይሄዳል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ የዝገት እንባ ያወርዳል፣ ምክንያቱም ክፈፉ ብረት ነው። ፀሐይ የሚመታው ጎን ቀለሙ ይነጣል፤ ጥላ የሚበዛበት ሽበት ያወጣል። አርማታ ሲሰነጠቅ ውኃና አየር ወደ ፌሮው ይደርሳሉ፤ የዛገ ብረት ደግሞ ከመጀመሪያው መጠኑ በላይ ስለሚያብጥ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ያፈነዳዋል።

ይህን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማየት የሚሻ ሰው በናጋሳኪ አካባቢ ያለችውን የሃሺማ ደሴትን ፎቶዎች ይመልከት። 6.3 ሄክታር ብቻ የምትሰፋው ይህች ደሴት የባሕር ሥር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መኖሪያ ነበረች፤ በ1959 ሕዝቧ 5,259 ደርሶ ነበር። በ1974 ማዕድኑ ሲዘጋ ሁሉም ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጨው ያዘለ ነፋስና አውሎ ንፋስ እየመታው በ1916 የተሠራው፣ በጃፓን ከመጀመሪያዎቹ የአርማታ አፓርታማዎች አንዱ የሆነው ሕንፃ ፌሮው ተራቁቶ፣ ወለሉ በወለል ላይ እየወደቀ ይታያል። በሃሺማ የእንጨቱ ክፍል ተዝረክርኮ ወድቋል፣ የአርማታው አጥንት ቆሟል፤ ባሕሩን ከሚያየው ጎን ያለው ጉዳትና ከውስጥ ባለው ጎን ያለው ጉዳት አይመሳሰሉም። ጌም ሠሪው ከዚህ የሚወስደው ሕጉን ነው፤ ሕጉን ካወቀ በኋላ በምድር ላይ የሌለ ሕንፃ አሳምኖ ማስረጀት ይችላል።

ፎቶው እንዴት ጌም ውስጥ ይገባል?

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ፎቶግራሜትሪ ይባላል፤ ከብዙ ፎቶዎች የአንድን ነገር ቅርጽ መልሶ ማስላት ማለት ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት የሞከረ ሰው መርሑን ያውቀዋል። ሁለት ዓይን አንዱን ነገር ከትንሽ ልዩነት ባለው ቦታ ስለሚያየው አእምሮ ልዩነቱን አስልቶ ርቀትን ያገኛል። ሶፍትዌሩም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሳይሆን መቶና ሁለት መቶ ዓይን መኖሩ ነው። ፎቶ አንሺው ግድግዳውን ወይም ሐውልቱን እየዞረ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ እያደረገ ያነሣዋል፤ ሶፍትዌሩ በብዙ ፎቶዎች ላይ የተደጋገመውን አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የልስኑን አንዲት ስንጥቅ ጫፍ፣ ይለይና በቦታ ላይ የት እንዳለ ያሰላል። ሚሊዮን ነጥቦች ሲሰበሰቡ ቅርጹ ይወጣል።

በ2014 የወጣው የፖላንዱ ዘ ቫኒሺንግ ኦፍ ኢታን ካርተር ይህንን ዘዴ በሰፊው በማሳየት ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። ዘ ፋርም 51 የተባለው ሌላ የፖላንድ ቡድን ደግሞ የቼርኖቢልን ቀጠና በዚሁ መንገድ ስካን አድርጎ በ2021 ቼርኖቢላይት የተሰኘውን ጌም አውጥቷል።

ቀኑ ደመናማ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ የወጣ ጊዜ የተነሣ ግድግዳ ጥላውን ይዞ ይገባል፤ በጌሙ ውስጥ ሌሊት ሆኖ ተጫዋቹ ባትሪ ሲያበራበት የቀኑ ጥላ እዚያው ተጣብቆ ይቀርና ምስሉን ያበላሸዋል። መስታወት፣ የሚያንጸባርቅ ብረት፣ ምንም ምልክት የሌለው ነጭ ግድግዳና ቀጭን ሽቦም ሶፍትዌሩን ያሳስታሉ፤ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚከተለው ቋሚ ነጥብ ያሳጡታልና። ልጣጩ የተነሣ፣ ቆሻሻና ጠባሳ የሞላው ግድግዳ ግን ነጥቡ ብዙ ነው። ኦና ሕንፃ ለዚህ ዘዴ የተፈጠረ ይመስላል የሚባለው ለዚህ ነው።

የተገኘው ቅርጽ እንዳለ አይገባም። ማንኛውም የጌም ነገር ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ ነው፤ ከስካን የሚመጣው መረብ ለአንዲት ድንጋይ ብቻ ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ሊኖረው ይችላል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም አንዱን ምስል ለመሣል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ስለሆነ ይህንን ሸክም አይችልም። ባለሙያው መረቡን ያሳሳና የጠፋውን ጉብታና ስንጥቅ በሌላ ብልሃት ይመልሰዋል፤ ሠዓሊ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ ጥላና ብርሃን በመቀባት ፊት ጎልቶ እንዲታይ እንደሚያደርገው፣ ጠፍጣፋው ገጽ ብርሃኑን ጉብታ እንዳለው አድርጎ እንዲመልስ ይታዘዛል። በ2022 በይፋ የወጣውን አንሪል ኢንጅን 5ን የመሰሉ አዳዲስ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ይህንን ማሳሳት በራሳቸው ስለሚሠሩት ድካሙ ቀንሷል።

ሙሉ ሆስፒታል ስካን የሚያደርግ ግን ብዙም የለም። የተለመደው መንገድ የሸማኔ መንገድ ነው። ሸማኔ አንዱን ጥለት ደጋግሞ ሙሉ ጥበብ እንደሚሠራ፣ ጌም ሠሪውም አንድ ሦስት ሜትር ግድግዳ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የደረጃ ክፍል ሠርቶ እነዚህን እያጋጠመ ኮሪደር ያወጣል። ችግሩ ድግግሞሹ ይታያል፤ አንድ ዓይነት ስንጥቅ በሦስተኛው በር አጠገብ እንደገና ሲመጣ ድባቡ ይሞታል። ስለዚህ በላዩ ላይ ልጥፎች ይጨመራሉ፦ አንድ ቦታ የውኃ እድፍ፣ አንድ ቦታ የወደቀ ኮርኒስ፣ አንድ ቦታ የእጅ አሻራ። እድፉ የት ይለጠፍ የሚለውን የሚወስነው ቅድም ያየነው የእርጅና ሕግ ነው። ይህንን ለመልመድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የስልክ ካሜራና ብሌንደርን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ለጀማሪ ይበቃሉ።

እውነተኛው ሕንፃ ለምን እንዳለ አይገለበጥም?

እውነተኛ ሕንፃ የተሠራው ሊኖርበት ነው፤ የጌም ሕንፃ የተሠራው ሊታለፍበት ነው። አንድ ሆስፒታል መቶ አንድ ዓይነት ክፍሎች ይኖሩታል፣ ተጫዋቹ ግን ከአምስተኛው በኋላ ይሰለቻል። በእውነተኛ ልኩ የተሠራ በርና ኮሪደር ካሜራው ከተጫዋቹ ትከሻ ኋላ በሚቆምበት ጌም ውስጥ ይጠባል፤ ስለዚህ በሮች ይሰፋሉ፣ ጣሪያ ከፍ ይላል። ስቶከር ውስጥም ፕሪፕያት ትታወቃለች፣ ርቀቱና አቀማመጡ ግን ለጨዋታው እንዲመች ተቀራርቧል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚወሰደው መልኩ ብቻ ነው። የክራኮቭ ከተማው ብሉበር ቲም በ2021 ያወጣው ዘ ሚዲየም የሚካሄደው ኒዋ በተባለ ልብ ወለዳዊ የሠራተኞች መዝናኛ ሲሆን፣ የሕንፃው መልክ በዚያው ከተማ በ1965 ተከፍቶ በ2011 ከተዘጋው ሆቴል ክራኮቪያ የመጣ ነው። ከተማ መሐል ቆሞ የነበረው ሆቴል በጌሙ ጫካ ውስጥ ገብቷል።

ሳይፈርስ የሚያስፈራስ ሕንፃ አለ?

አለ። በ2019 በኢንተርኔት የተሰራጨ አንድ ፎቶ ቢጫ የግድግዳ ወረቀት፣ እርጥብ የሚመስል ምንጣፍና የፍሎረሰንት መብራት ያለበት መስኮት አልባ ባዶ ክፍል ያሳያል። ከእሱ «ባክሩምስ» የተባለ ማለቂያ የሌለው የክፍሎች ዓለም ተፈጠረ፣ ብዙ ጌሞችም ተሠሩበት። በ2024 ፎቶው የት እንደተነሣ ተደረሰበት፤ በ2002 በዊስኮንሲን ኦሽኮሽ ከተማ አንድ የቀድሞ የዕቃ መሸጫ ፎቅ ሲታደስ የተነሣ ነበር። ዝገትም ሻጋታም የለበትም። የጎደለው ሰው ብቻ ነው፤ መብራቱም ለማን እንደበራ አይታወቅም።

ገብቶ ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል?

ኦና ሕንፃ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ሳያስፈቅዱ መግባት በብዙ አገሮች ያስጠይቃል፤ ከሕጉ በላይ የሚያሳስበው ግን የበሰበሰው ወለል፣ በአሮጌ ጣሪያና ቱቦ ሽፋን ውስጥ ያለው ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስና የእርግብ ኩስ አቧራ ነው። ፈቃድ ጉዳይ የሚሆነው በኦና ብቻም አይደለም። በ2007 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የማንቸስተር ካቴድራል ያለ ፈቃድ የተኩስ ጌም መቼት ሆኗል ብላ አቤቱታ አቀረበች፤ የጌሙ አሳታሚ ሶኒም ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የትዝታው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። በሃሺማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮርያውያንና ቻይናውያን በግዳጅ ይሠሩ ነበር፤ ደሴቲቱ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ስትሰፍር ጃፓን ብዙ ኮርያውያን ካለ ፈቃዳቸው ተወስደው በከባድ ሁኔታ መሥራታቸውን ተቀብላለች፤ ታሪኩ በቂ ቦታ አልተሰጠውም የሚለው ክርክር ግን ቀጥሏል። ለተጫዋቹ የሚያምር ፍርስራሽ የሆነው ለሌላው የአባቱ የስቃይ ቦታ ነው። በሴንትሬሊያ ደግሞ ጎብኚዎች በቀለም የሞሉት የተዘጋ አውራ ጎዳና ሰው ስለበዛበት በ2020 አፈር ተጭኖበት ተሸፍኗል።

ፕሪፕያት ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ናት። በዚያ ወር የሩስያ ጦር በቀጠናው በኩል ገባ፣ የስቶከር ሠሪዎች ከፊሎቹ ወደ ፕራግ ሲሄዱ ከፊሎቹ በዩክሬን ቀሩ፤ ሁለተኛውም ጌም በኖቬምበር 2024 ወጣ። ያልተመረቀውን መንኮራኩር ዛሬ ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በጌሙ ውስጥ ነው፤ የእውነተኛው መቀመጫዎች ቢጫ ቀለም ግን በየዓመቱ እየተላጠ ነው።